የበቃኝ ልክ፦ ስለ ገንዘብ ብዛትና ስለ ሰው ደስታ

ገንዘብ ሲጨምር ደስታ ይጨምራል ወይ የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል ሊመለስ የሚችል የሚመስለው ገንዘብም ደስታም ትርጉማቸው የታወቀና የማያሻማ ተደርጎ ሲወሰድ ብቻ ነው፤ አማርኛ ግን ጠያቂውን እንዲህ በቀላሉ አያሳልፈውም። ሀብት የሚለው ቃል በግእዝ «ወሀበ»፣ ማለትም ሰጠ፣ ከሚለው ግስ የተገኘ ሲሆን ጥንተ ትርጉሙ ስጦታ ነው፤ ሀብተ ማርያም ወይም ሀብተ ሥላሴ ተብሎ የተሰየመ ልጅም የማርያም ወይም የሥላሴ ስጦታ መባሉ ነው እንጂ ባለጸጋ መባሉ አይደለም። ገንዘብም በሊቃውንት አነጋገር ከብርና ከወርቅ ይልቅ የራስ የሆነውን ነገር ያመለክታል፤ የተዋሕዶ መምህራን ምሥጢረ ሥጋዌን ሲያስረዱ የሥጋ ገንዘብ ለቃል፣ የቃልም ገንዘብ ለሥጋ እንደ ሆነ የሚያስተምሩት፣ ገድል ጸሐፊዎችም አንድ ቅዱስ ትሕትናን «ገንዘብ አደረገ» የሚሉት በዚሁ ትርጉም ነው። ዛሬ ሁለቱም ቃላት በባንክ ደብተር ላይ ለሚሰፍር ቁጥር መጠሪያ ቢሆኑም አንደኛው ከሌላ እጅ መቀበልን፣ ሁለተኛው ደግሞ የራስ ማድረግን በሆዱ እንደ ያዘ ቀርቷል፤ ስለ ገንዘብና ስለ ደስታ የሚነሣው ክርክርም ሲመረመር በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ሆኖ ይገኛል።

ደስታን በተመለከተም ቋንቋው ቢያንስ ሦስት ደረጃ ይለያል። ደስታ ራሱ የልብ መፍካት ነውና ይመጣል፣ ይሄዳል። እርካታ ደግሞ ሰው ኑሮውን መለስ ብሎ አይቶ የሚሰጠው ፍርድ ነው፤ ዛሬ ያዘነ ሰው በሕይወቱ የረካ ሊሆን፣ ሲስቅ የሚውል ሰውም ውስጡ ያልረካ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ በላይ ብፅዕና አለ፤ ይህም ወንጌል በተራራው ስብከት በመንፈስ ድሆች ለሆኑ፣ ለሚያዝኑና ለየዋሃን የሚሰጠው ማዕርግ ሲሆን የሰውን ስሜት ወይም የራሱን ግምት ሳይሆን በእግዚአብሔር ፊት ያለበትን እውነተኛ ሁኔታ የሚናገር ነው፤ የሚያዝን ሰው ደስተኛ ሊባል ባይችልም ብፁዕ ሊባል የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ኤውዳይሞንያ ያለውም፣ ማለትም ሰው በሙሉ ዕድሜው በመልካም ምግባር እየሠራ የሚኖረው የተሟላ ኑሮ፣ ከመጀመሪያዎቹ ከሁለቱ ይልቅ ወደዚህ ወደ ሦስተኛው ይቀርባል። አርስቶትል ገንዘብ ምንጊዜም ለሌላ ነገር ሲባል የሚፈለግ መሣሪያ እንጂ የመጨረሻ ግብ ሊሆን እንደማይችል ያስተምራል፤ ሆኖም ወዳጅም ንብረትም የሌለው ሰው በጎ ሥራ ለመሥራት እንደሚቸገር ሳይሸሽግ ስለሚናገር ድህነትን ከሚያሞግሱት ወገን የሚቆጠር አይደለም።

በዘመናዊው የምጣኔ ሀብት ጥናት ጥያቄውን በአኃዝ ካነሡት ቀዳሚው አሜሪካዊው ሪቻርድ ኢስተርሊን ነው፤ እርሱም በ1974 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጥናት እርስ በርሱ የሚጋጭ የሚመስል ነገር አሳየ። በአንድ አገር ውስጥ በአንድ ጊዜ ሲታይ ሀብታሞቹ ከድሆቹ ይልቅ ደስተኞች ነን ይላሉ፤ ነገር ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት እስከ 1970 የአሜሪካ ሕዝብ ገቢ በብዙ ሲያድግ ደስተኛ ነኝ የሚለው ሰው ድርሻ አብሮ አላደገም። ይህ የኢስተርሊን ተቃርኖ ተብሎ ይጠራል። ማብራሪያውም ሰው ገቢውን የሚመዝነው ከፍላጎቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከጎረቤቱ ገቢ ጋር ጭምር ስለ ሆነ የሁሉም ሲያድግ የማንም ያላደገ ያህል ይሰማል የሚል ነው። ተቃርኖውን ያልተቀበሉ ተመራማሪዎችም አሉ፤ ከእነርሱም ቤትሲ ስቲቨንሰንና ጀስቲን ዎልፈርስ በ2008 ብዙ አገሮችን አነጻጽረው ሀብታም አገሮች በእርካታ ከድሃ አገሮች እንደሚበልጡ፣ ይህም የሚቆምበት ጣሪያ እንደማይታይ ተከራክረዋል።

የዚህን ክርክር ፍሬ ነገር ለመረዳት ተመራማሪዎቹ ግንኙነቱን የሚለኩት በብር ጭማሪ ሳይሆን በእጥፍ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። በወር 2,000 ብር የሚያገኝ ሰው ሌላ 2,000 ብር ቢጨመርለት የሚሰማው ለውጥ፣ በወር 200,000 ብር የሚያገኘው ሰው ሌላ 200,000 ብር ቢጨመርለት ከሚሰማው ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ይቆጠራል። እንግዲህ ገንዘብ እርካታን ለዘለዓለም ይጨምራል ቢባል እንኳ ያው ሁለት ሺህ ብር በባለጸጋው ኪስ ውስጥ ሲገባ ከቁጥር የማይገባ፣ በድሃው ቤት ውስጥ ግን ጣሪያና መድኃኒት የሚሆን ነው። ይህ ተራ ስሌት ቢመስልም የአብያተ ሃይማኖት መምህራን ለሺህ ዓመታት ስለ ምጽዋት ያስተማሩትን በሌላ ቋንቋ የሚናገር ነው።

በ2010 በታተመ ጥናት የኖቤል ተሸላሚው ዳንኤል ካህነማን በኋላ ራሱም ይህንኑ ሽልማት ካገኘው ከአንገስ ዲተን ጋር ሆኖ የ450,000 ያህል አሜሪካውያንን ምላሽ መርምሮ ነበር። ሁለቱ ሊቃውንት ከላይ ደስታና እርካታ ተብለው የተለዩትን ለየብቻ ለኩ። ለእርካታው መለኪያ የሆነው ሃድሊ ካንትሪል ያበጀው መሰላል ሲሆን ተጠያቂው ከ0 እስከ 10 ካሉት እርከኖች በየትኛው ላይ እንደ ቆመ እንዲናገር የሚጠየቅበት ነው፤ ለደስታው መለኪያ የሆነው ደግሞ ትናንት ሣቅህን፣ አዘንህን፣ ተጨነቅህን የሚል የዕለት ስሜት ጥያቄ ነው። ውጤቱም በመሰላሉ ላይ የሚቆሙበት ቦታ ከገቢ ጋር ሳያቋርጥ ሲወጣ የዕለት ስሜት ግን በዓመት 75,000 ዶላር ገደማ ሲደርስ መሻሻሉን ያቆማል የሚል ነበር። ይህች ቁጥር በዓለም ዙሪያ ስትጠቀስ ከኖረች በኋላ በ2021 ማቲው ኪሊንግስወርዝ በስልክ መተግበሪያ አማካይነት ከ33,000 በላይ ከሆኑ ሠራተኛ አሜሪካውያን በየቀኑ በሰበሰበው መረጃ ስሜቱም ቢሆን ከገቢ ጋር መውጣቱን እንደማያቆም አሳየ። ከዚያም ካህነማንና ኪሊንግስወርዝ፣ ባርባራ ሜለርስን ዳኛ አድርገው፣ አንዱ ሌላውን ለማሸነፍ ሳይሆን እውነቱን ለማግኘት አብረው ሠሩ፤ በ2023 ያሳተሙትም ለብዙው ሰው ስሜት ከገቢ ጋር መሻሻሉን እንደሚቀጥል፣ ነገር ግን እጅግ የከፋቸው አምስተኛ እጅ ያህል ሰዎች ገቢያቸው 100,000 ዶላር ገደማ እስኪደርስ ድረስ ሐዘናቸው እየቀለለ ሄዶ ከዚያ በላይ ገንዘቡ ምንም እንደማይጨምርላቸው የሚያሳይ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ቁጥሮች መካከል በጥሞና ሊታሰብበት የሚገባው ይህ የመጨረሻው ነው። ገንዘብ ለከፋው ሰው ምንም አይሠራም ማለት ሐሰት ነው፤ ከሐዘኑ ውስጥ በማጣት የመጣውን ክፍል፣ ማለትም የቤት ኪራዩን ጭንቀት፣ የሐኪም ቤቱን ዕዳ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያውን፣ እርከን በእርከን ያነሣለታል። ይህ ከተነሣ በኋላ የሚቀረው ግን የሞተ ልጅ፣ የፈረሰ ትዳር፣ የሕሊና ወቀሳ ወይም የነፍስ ጨለማ ነው፤ ገንዘብም ወደዚያ የሚያስገባ በር የለውም። ሰዎች ገንዘብ ደስታን አይገዛም ሲሉ ብዙ ጊዜ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው እያሰቡ ስለ መጀመሪያው ይናገራሉ፤ በዚህም ሳያውቁ የድሃውን ችግር ያቃልላሉ።

ሁለተኛው የክርክሩ ክፍል ልማድን ይመለከታል። ፊሊፕ ብሪክማንና ባልደረቦቹ በ1978 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ሎተሪ የደረሳቸውን 22 ሰዎች ካልደረሳቸው ጋር አነጻጽረው ባለ ዕድሎቹ ጎልተው ደስተኞች እንዳልሆኑ፣ እንዲያውም ከወዳጅ ጋር በመጨዋወትና ቁርስ በመብላት በመሰለው የዕለት ተዕለት ነገር የሚያገኙት ደስታ እንዳነሰ ጻፉ። ተመራማሪዎች ይህን መልመድ ይሉታል፤ ትናንት ቅንጦት የነበረው ዛሬ አስፈላጊ ነገር፣ ነገ ደግሞ ሲታጣ የሚያስለቅስ ይሆናል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሃያ ሁለት ሰው ጥቂት ነው፤ በ2020 በስዊድን እጅግ በሚበልጥ ቁጥር ላይ የታተመ የሎተሪ ጥናት ትልቅ ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ከአሥር ዓመት በኋላም ከፍ ብሎ እንደ ቆየ፣ በዕለት ደስታቸው ላይ የታየው ለውጥ ግን ያነሰ እንደ ነበረ አረጋግጧል። ስለዚህ ሰው ሁሉን ይለምዳል የሚለው አባባል ለስሜቱ ከሞላ ጎደል ቢስማማም ለእርካታው አይስማማም፤ ኑሮው የተደላደለለት ሰው ደስታውን ቢለምደው እንኳ መደላደሉን አይክድም።

ከሁሉ ይልቅ ጉዳዩን ወደ ኢትዮጵያዊው አንባቢ ቤት የሚያቀርበው በምዕራብ ኬንያ በራሪዬዳ የተደረገው ጥናት ነው። ጊቭዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት ከ2011 እስከ 2013 ቤታቸው ሣር ክዳን የሆነ ድሆችን በዕጣ እየመረጠ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ገንዘብ ሰጠ፤ መጠኑም በመግዛት አቅም ሲሰላ 404 ወይም 1,525 ዶላር ነበር። ዮሃንስ ሃውስሆፈርና ጄረሚ ሻፒሮ በ2016 ባሳተሙት ውጤት መሠረት ተቀባዮቹ ምግባቸውን አሻሻሉ፣ ከብት ገዙ፣ ብዙዎቹም የሣሩን ጣሪያ አውርደው ቆርቆሮ አለበሱ፤ ለመጠጥና ለትምባሆ ያወጡት አልጨመረም፤ ደስታቸውና እርካታቸው ከፍ አለ፤ ትልቁን ድርሻ የተቀበሉትም የጭንቀት ሆርሞን የሆነው ኮርቲሶል ትንሹን ከተቀበሉት ይልቅ በሰውነታቸው ቀንሶ ተገኘ። ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ክረምትን ያሳለፈ ሰው ይህን ለመረዳት ሆርሞን መለካት አያስፈልገውም፤ በሌሊት ዝናብ ሲጀምር ልጆችን ከአንድ ጥግ ወደ ሌላ ጥግ ከማዛወር መገላገል ምን እንደ ሆነ ያውቀዋል።

ከዚሁ ጥናት ግን ሌላ ነገርም ወጥቷል። ተመራማሪዎቹ ዕጣው ያልወጣላቸውን ጎረቤቶች ሲጠይቁ፣ የእነዚህ ሰዎች ኑሮ ባይጎድልም የጎረቤታቸው ሀብት ሲጨምር በራሳቸው ሕይወት ያላቸው እርካታ ቀንሶ አገኙት፤ ቅናሹ ጊዜ ሲያልፍ እየደበዘዘ ቢሄድም። ኢስተርሊን በሀብታሚቱ አሜሪካ ያየው በኬንያ መንደር በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ታየ። ይህን ቅናት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ትክክል አይመስልም። መንደሩ በሙሉ ሣር ክዳን በነበረ ጊዜ ሣር ክዳን ቤት ነበር፤ አንደኛው ቆርቆሮ ከሆነ በኋላ ግን ያው ቤት የድህነት ምልክት ይሆናል፤ በነዋሪው ላይ የተለወጠው ልቡ ብቻ ሳይሆን በሰው ፊት ያለው ቦታም ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ወይም በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ኢትዮጵያዊም ይህንኑ በሁለት ወገን ይሸከማል፤ በአገር ቤት ዓይን ሲታይ ከመንደሩ ሁሉ የከበረ፣ በሚኖርበት ከተማ ዓይን ሲታይ ደግሞ ከታችኛው እርከን ያልወጣ ነውና በአንድ ገቢ በሁለት መሰላል ላይ ይቆማል።

መሰላሉን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ኑሮ እንዴት ነው ሲባል የሚሰጠው መልስ ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሙስሊሙም አልሐምዱሊላህ ብሎ የሚጀምረው በመሆኑ ጥያቄው መለኪያ ሆኖ ሳለ መልሱ ጸሎት ነው። ምስጋናው ሐሰት አይደለም፤ ግን የኑሮ ዘገባም አይደለም። በዚህ ላይ ከባድ ጥፋት የሚፈጸመውም የድሃውን ምስጋና ሰምቶ ድሃው ረክቷልና ምንም አያስፈልገውም ብሎ ሲደመደም ነው። ተመስገን የሚለው ቃል ከተራበው አፍ ሲወጣ የእምነት ምስክርነት ነው፤ ከጠገበው አፍ ለተራበው ትእዛዝ ሆኖ ሲወጣ ግን በደል ነው። ባለህ ይብቃህ የሚለው ምክር ማን ለማን እንደሚናገረው ሳይታይ መልካም ምክር ነው ሊባል አይገባም።

የዚህ ምክንያት በራሱ «በቃ» በሚለው ግስ ውስጥ ይገኛል። «በቃኝ» ሲባል የግሱ ባለቤት ነገሩ ነው፤ የበቃው ምግቡ፣ ልብሱ፣ ገንዘቡ ሲሆን ሰውየው በግሱ ጫፍ ላይ ተሳቢ ሆኖ ተለጥፎ ይገኛል። «ለዚህ በቃሁ» ሲባል ግን ባለቤቱ ሰውየው ራሱ ይሆናል፤ ትርጉሙም ደረስሁ፣ የተገባሁ ሆንሁ ማለት ነው። በገዳም የበቁ አባቶች የሚባሉትም ብዙ ያከማቹ ሳይሆኑ በጾምና በጸሎት ለመንፈሳዊ ማዕርግ የደረሱት ናቸው፤ ብቃት የሚለው ስምም ለዚሁ ደረጃ ይነገራል። አንዱ ግስ የዕቃን ልክና የሰውን ደረጃ በአንድነት መያዙ የቋንቋ ድንገት ሊሆን ቢችልም ለፈላስፋው ትልቅ ነገር ያሳያል፤ ገንዘብ ለሰው ሊበቃ የሚችለው ሰውየው በሌላ በኩል ለአንድ ነገር ሲበቃ ነውና።

በሉቃስ ወንጌል 12ኛ ምዕራፍ የተነገረው የሰነፉ ባለጸጋ ምሳሌ ከዚህ አንጻር ሲነበብ ከተለመደው ስብከት የተለየ መልክ ይይዛል። ብዙ ጊዜ ምሳሌው ስለ ስግብግብነት እንደ ተነገረ ይተረጎማል፤ ነገር ግን ያ ሰው እርሻው በብዙ ባፈራለት ጊዜ ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ለመሥራት ካቀደ በኋላ ለነፍሱ ለብዙ ዓመት የሚሆን እንዳላት ነግሮ እንድታርፍ አዝዟታል፤ ይህም ማለት «በቃኝ» ብሏል። እርካታ ብቻ ቢፈለግ ከእርሱ የሚበልጥ የረካ ሰው አይገኝም፤ በካንትሪል መሰላል ላይ ቢጠየቅ አሥረኛውን እርከን ባመለከተ ነበር። ሰነፍ የተባለበት ምክንያት በንግግሩ ውስጥ ይታያል፤ ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ በረከቴ፣ ነፍሴ እያለ ከራሱ ጋር ብቻ ሲማከር ሚስት፣ ልጅ፣ ጎረቤት፣ ለማኝ አንድም ጊዜ አይነሣም፤ ገንዘቡ በሙሉ ገንዘብ፣ ማለትም የራስ፣ ሆኖ ሲቀር ሀብት፣ ማለትም ስጦታ፣ መሆኑ ተረስቷል። ምሳሌውም የሚዘጋው ያከማቸው ለማን እንደሚሆን በሚጠይቅ ቃል ነው፤ ጥያቄው ስለ ብዛቱ ሳይሆን ስለ ባለቤቱ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በእስልምና ይኸው ሐሳብ ከስብከት አልፎ ሕግ ሆኗል። ቀናዓ፣ ማለትም በተሰጠው መርካት፣ የነፍስ ባለጸግነት ተብሎ ይወደሳል፤ ነገር ግን ሸሪዓው ለምእመኑ ልብ ብቻ አልተወውም። ኒሳብ የሚባለው ልክ ወደ 85 ግራም የሚጠጋ ወርቅ ዋጋ ሲሆን ከዚያ በላይ የሆነ ንብረት አንድ የጨረቃ ዓመት ከሞላው በኋላ 2.5 በመቶው በዘካ መልክ ለሚገባቸው ይሰጣል። ይህ ልክ የተቆረጠው ሰው እንዳይበለጽግ አይደለም፤ ከዚህ በላይ ያለው ሰው ሰጪ፣ ከዚህ በታች ያለው ደግሞ ከመስጠት ነጻ መሆኑ ይታወቅ ዘንድ ነው። ከላይ የተነሣው በደል፣ ማለትም በቃኝን ለድሃው መስበክ፣ እዚህ ላይ ይዘጋል፤ ሕጉ በቃህ ብሎ የሚናገረው ላለው ሰው ነውና።

መስጠት ራሱ ለሰጪው ምን እንደሚያደርግም ተጠንቷል። ኤሊዛቤት ደን፣ ላራ አክኒንና ማይክል ኖርተን በ2008 ባወጡት ጥናት በካናዳ ለተሳታፊዎች በጠዋት 5 ወይም 20 ዶላር ሰጥተው ግማሾቹ ለራሳቸው፣ ግማሾቹ ለሌላ ሰው እንዲያወጡት አደረጉ፤ ማታ ሲጠየቁ ለሌላ ያወጡት ይበልጥ ደስ ብሏቸው ተገኙ፤ አምስት ይሁን ሃያ መሆኑም ልዩነት አላመጣም። ውጤቱ የሚያስደስት ቢሆንም በጥንቃቄ መያዝ አለበት፤ ሰው ደስ እንዲለው ብሎ ቢሰጥ ተቀባዩን የደስታው መሣሪያ ያደርገዋልና። የእድር መዋጮ ከዚህ ይለያል። አባሉ በየወሩ የሚከፍለው ደስ ስለሚለው አይደለም፤ ጎረቤቱ ሲሞት ድንኳኑ እንዲተከል፣ እርሱም ሲሞት ልጆቹ ብቻቸውን እንዳይቀሩ ነው። በዚያ ገንዘብ የሚገዛው ደስታ አይደለም፤ ሐዘን ላይ ብቻ አለመሆን ነው፤ ይህም በየትኛውም የጥናት መሰላል ላይ እርከን የተሰጠው ነገር አይደለም።

የሰጪው ደስታ ሳይጠየቅ የተሰጠበት አንድ የቆየ ታሪክም አለ፤ በቀጶዶቅያ ከ368 እስከ 369 ድረስ በድርቅ ምክንያት ጽኑ ረኃብ ሆኖ ነበር። በመጽሐፈ ቅዳሴው በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ ስላለው ኢትዮጵያዊው ምእመን የሚያውቀው ባስልዮስ በዚያን ጊዜ ገና ቄስ ሳለ ጎተራቸውን ዘግተው ዋጋ እስኪወደድ የሚጠብቁትን ባለጸጎች በስብከቱ ሲገሥጽ ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዘው ከሚታወቁት ስብከቶቹ አንዱ ይህንኑ የሰነፉን ባለጸጋ ምሳሌ የሚተረጉም ነው፤ በእርሱም በሣጥን የተዘጋው ልብስ የታረዘው፣ በጎተራ የተዘጋውም እህል የተራበው ገንዘብ መሆኑን አስተማረ። ሰሚዎቹን ስጡና ደስ ይበላችሁ ብሎ ብቻ አልሸኛቸውም፤ የራሱንም አውጥቶ፣ የእነርሱንም ጎተራ በቃሉ አስከፍቶ ረኃብተኞችን ሰብስቦ አበላ። ጵጵስና ከተሾመ በኋላም ከቂሳርያ ከተማ ውጭ ለድሆች፣ ለእንግዶችና ለበሽተኞች የሚሆን ሰፊ ግቢ ሠራ፤ ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በቀብሩ መታሰቢያ ንግግር አዲስ ከተማ ብሎ የጠራውም ይህን ነው። ለሥራው የሰጡት ባለጸጎች ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ደስተኞች ሆነው እንደ ሆነ የጠየቃቸው አልነበረም፤ ቀድሞ ከከተማና ከገበያ ይባረሩ የነበሩ በሥጋ ደዌ የቆሰሉ ሰዎች ግን በዚያ ግቢ ውስጥ አልጋና አስታማሚ አገኙ።